ከሰርጉ በፊት ያልጠየቅነው
ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በአምቦ የተሰጠ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በልማት ኮሚሽን ስብሰባ ላይ እምብዛም የማይነሣ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተገናኘነው ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያ፣ ስለ እናቶች የቁጠባ ማኅበር ለመነጋገር ነበር። የዛሬው ግን ሰው ከሚወደው ሰው ስለሚጠብቀው ነገር፣ የጠበቀውም ሳይሆን ሲቀር በልቡ ላይ ስለሚደርሰው ስብራት ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የነፍስ አባት ጉዳይ እንጂ የልማት ጉዳይ ነውን?» ብላችሁ ይሆናል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን በመስክ ሥራ እንዳየሁት፣ የተሰበረ የእጅ ፓምፕ መለዋወጫው በመጣ በሳምንቱ ውኃ ይሰጣል፤ ሁለት ወንድማማቾች ተቀያይመው የዘጉት ቦኖ ግን ዓመት ዓመትን ሲተካ ቁልፉ አይገኝም። በሪፖርታችን ላይ «የቴክኒክ ብልሽት» ብለን የጻፍነውን ስንቱን እንደገና ብንመረምረው እንዲህ ያለ ቂም እንደምናገኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ነገሩ ሰፊ ነው። በወላጅና በልጅ፣ በጓደኛና በጓደኛ፣ በምእመንና በካህንም መካከል ያለ ነው። ጊዜያችን አጭር ስለሆነ በእጮኝነትና በትዳር መጀመሪያ ዓመታት ላይ አተኩራለሁ። ይህን የመረጥሁት ከጊንጪ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞቻችን ለሽምግልና ከምጠራባቸው ጉዳዮች የሚበዙት ሁለትና ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ትዳሮች ስለሆኑ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። በንስሐ የተሰማ አይነገርምና የምናገረው በሽምግልና፣ በብዙ ሰው ፊት የተባለውን ብቻ ነው፤ ባለጉዳዮቹም ፈቅደውልኛል። አጥቢያውን አልጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መምህርና አንዲት ከአረብ አገር የተመለሰች እኅት እኔ በማገለግልበት አጥቢያ ተጋቡ። እርስዋ ስድስት ዓመት በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታለች። እርሱ ስድስቱን ዓመት ጠብቆአታል። እሑድ እሑድ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ታማኝነት ሲገኝ ማን ደስ አይለውም? ከትንሣኤ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ተጋቡ። በመልሱ ቀን የሙሽራዋ አባት ቆመው ሲመርቁ በድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። በታኅሣሥ እርስዋ ሻንጣዋን ይዛ ወላጆችዋ ቤት ገባች።

ለሽምግልና ስንቀመጥ ሁላችንም የምንፈልገው ጥፋተኛውን ነበር። ሌላ ሴት አለችን? የለችም። መጠጥ? የለም። ዱላ? የለም። ሁለት ቀን ጠይቀን ያገኘነው ይህ ነው። እርሱ፣ እጮኛው ስትመለስ በተጠራቀመው ገንዘብ ሱቅ ከፍተው ከኪራይ ቤት እንወጣለን ብሎ ስድስት ዓመት ሲያስብ ኖሮአል። ገንዘቡ ግን በየወሩ ለወላጆችዋ ቤት ቆርቆሮና ለታናናሾችዋ ትምህርት አልቆአል፤ እርስዋም ወንድምዋ የነገረው መስሎአት ነበር። በዚያ ላይ እርስዋን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እያባበለች፣ የሰው ወለል እየወለወለች ስትኖር ያጽናናት አንድ ሐሳብ ነበረ፤ አገሬ ስገባ ጥቂት ወራት ማንም ሳይጠራኝ እተኛለሁ የሚል። እርሱ በየማለዳው «ዛሬ ምን አሰብሽ?» ይላታል። እርሱ ስለ ሱቁ መጠየቁ ነው። እርስዋ የምትሰማው የእመቤትዋን ድምፅ ነው።

ማንም ማንንም አልዋሸም። ይህ ሲገባን በመካከላችን ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። ሽምግልናችን የበደለ እንዲክስ፣ የተበደለ ይቅር እንዲል ማድረግ ያውቃል፤ ሁለት ታማኞች ሳይነጋገሩ በየልባቸው ላቆዩት ተስፋ የሚሆን ፍርድ ግን አልነበረንም።

«ለምን አልተናገራችሁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሱ «ገንዘቤን ፈልጎ ነው እንዳትለኝ ብዬ ነው» አለ። እርስዋ «ስድስት ዓመት የጠበቀኝን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?» አለች። ሁለቱም ዝም ያሉት ተዋድደው ነው። እኛ ለዚህ «ሆድ ይፍጀው» የሚል አነጋገር አለን፤ እንደ ትዕግሥትም እንቈጥረዋለን። ሆድ ግን ብዙውን ነገር አይፈጀውም፤ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ቤት ወጥቼ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ የጠየቅሁት ራሴን ነበር። እነዚህ ልጆች ከጋብቻቸው በፊት ፊቴ ቀርበው ነበር። ምን ጠየቅኋቸው? ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት አስቈጠርሁ። ሁለቱም 18 ዓመት መሙላታቸውን፣ ሌላ ጋብቻም እንደሌለባቸው በምስክር አረጋገጥሁ። የኤች አይ ቪ ምርመራቸውን ውጤት አየሁ። ሥርዓቱን አስረድቼ ለንስሐና ለቅዱስ ቍርባን አዘጋጀኋቸው። ይህ ሁሉ የሚገባ ነበር። አንዱ ከሌላው ምን እንደሚጠብቅ ግን አልጠየቅሁም። ለመጠየቅም በልቤ አልመጣም።

ስለ ደም ምርመራው ካነሣሁ አይቀር፣ በመካከላችን ያላችሁ አረጋውያን ካህናት ታስታውሳላችሁ። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን በኮሚሽኑ በኩል ካህናትን አሠልጥና፣ ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት እንዲመረመሩ ስታስተምር፣ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር። «የሚዋደዱትን እርስ በርሳችሁ ተጠራጠሩ ማለት አይሆንብንምን?» ያልን ነበርን። እኔም አንዱ ነኝ። ቀስ በቀስ ግን ተለመደ፤ ዛሬ በብዙ አጥቢያ ሙሽሮቹ ሳይጠየቁ ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚቀየምም የለም። እንግዲህ የደማቸውን ነገር ለመጠየቅ ካላፈርን «ከእርስዋ ምን ትጠብቃለህ? እርስዋ ከአንተ የምትጠብቀውንስ ታውቀዋለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ያሳፍረናል?

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ መተጫጨት ለብቻው ይናገራል፤ መተጫጨት ከጋብቻው የሚቀድም፣ የራሱ ሥርዓት ያለው ስምምነት ነው። የሀገሩንም ባህል ተመልከቱ። በአማራው ባህል አንደኛው ሚዜ ፎቶግራፍ ለመነሣት የቆመ ጎልማሳ አልነበረም፤ ሙሽራዋን እንደ እኅቱ ሊጠብቅ ቃል የሚገባ፣ ከባልዋ ጋር የከፋት ቀን አቤት የምትልበት ወንድም ነበር። በኦሮሞው ባህል እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ ታስይዛታለች። ይህች ቀጭን በትር በቤት ውስጥ ተሰቅላ ትኖራለች፤ ሴቲቱ የተበደለች ቀን ይዛት ወጥታ ስትጮኽ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይወጡላታል፤ ነገሩ በዕርቅ ሳይፈታም አይመለሱም። እስኪ አስቡት፤ እልልታው በሚቀልጥበት፣ ሁሉም «ደስታ ብቻ ይሁን» በሚልበት በዚያ ቀን፣ እናት ለልጅዋ የክፉ ቀን መጠሪያ ትሰጣታለች። ይህን የምታደርገው አማችዋን ጠልታ አይደለም። ትዳር ውስጥ ኀዘን እንደሚመጣ ስለምታውቅ፣ ኀዘኑ ሲመጣ ልጅዋ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

በከተሞቻችን ሰርጉ ቀርቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ገዝፏል። ሰሚዎቹ ናቸው የቀሩት። ሚዜው ለሰርጉ ከአዲስ አበባ መጥቶ በማግስቱ ይመለሳል። ሲንቄው በባህል ማእከል ካልሆነ አይታይም። ባል ከጀልዱ፣ ሚስት ከኢጃጂ መጥተው በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ ናቸው፤ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው፤ በግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ስማቸውን አያውቅም። ቀድሞ አንዲት ሙሽራ ምክሩን ከአክስትዋ፣ ወሬውን ከምንጭ ጓደኞችዋ፣ ኀዘኑን ከእናትዋ፣ አቤቱታውን ከሚዜዋ፣ ኃጢአቱን ከነፍስ አባትዋ ጋር ትካፈለው ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ ከአንድ ሰው ትጠብቃለች። እርሱም እንዲሁ። አንድ አጋሰስ የአሥር አጋሰስ ጭነት ተጭኖ ሲወድቅ አጋሰሱን ሰነፍ አንለውም፤ «ፍቅራቸው ቀዘቀዘ» የምንላቸው ብዙ ልጆች የወደቁት እንዲህ ነው።

ይህን የሚያዩት ታናናሾቻቸው ደግሞ የራሳቸውን ብልሃት ፈጥረዋል። አንዳንዶቹ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት የሕይወት መመሪያ አድርገውታል፤ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይሰጣሉ፤ ለማንም ልባቸውን አይሰጡም። ሌሎቹ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ይጋቡና ቍርባኑን «እስኪ እንተያይ» እያሉ ለሽምግልናቸው ዘመን ያቆዩታል። በሥጋ ወደሙ የታሰረ ጋብቻ እንደማይፈታ ያውቃሉና ይፈራሉ። እኛ በዐውደ ምሕረት ላይ «የዘመኑ ወጣት ሃይማኖቱን አቀለለ» ብለን እንገሥጻቸዋለን። ልክ ያልሆነ ተግሣጽ ነው እላለሁ፤ ከእናንተ መካከል የማይስማማኝ ቢኖር ከሻይ በኋላ እንከራከራለን። እነዚህ ልጆች ቍርባኑን አላቀለሉም። እንዲያውም ከብዶአቸው፣ የማይፈታውን ነገር ፈርተው ነው። ያልተጠየቀና ያልተመለሰ ጥያቄ በልባቸው ይዘው መቅረብን ፈርተዋል። ፍርሃታቸውን የሚሰማ ካህን ቢያገኙ ከሚቀርቡት ይልቅ ቶሎ የሚቀርቡ ይመስለኛል።

ተረቱን ግን እቃወማለሁ። ሰው ካልተቀበረ የማይታመን ከሆነ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ቲቶ የሆነውን ምን እንለዋለን? ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ እንደምናነብበው፣ በጢሮአዳ የወንጌል በር ተከፍቶለት ሳለ ወንድሙን ቲቶን ስላላገኘ መንፈሱ ዕረፍት አጣች፤ በሩን ትቶ ወደ መቄዶንያ ተሻገረ። ሐዋርያ ነው፤ ግን አንድ ሰው በመዘግየቱ ይህን ያህል ታወከ። ይህንንም አልደበቀም፤ ጽፎ ለምእመናን ላከው። መውደድ ለጉዳት መጋለጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የምታስመልጥበት ትምህርት የላትም፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት «ከእኔ ጋር ትጉ» ሲላቸው ተኝተው አግኝቶአቸዋል።

ከሚወደው ወዳጁ የጠበቀውን ያጣ ሰው እንዴት እንደሚሆን ከአባቶች ታሪክ አንዱን ላንሣ። ይህ ነገር ባልና ሚስት ላይ ብቻ የሚደርስ አለመሆኑን፣ ቅዱሳንንም እንዳላለፋቸው ታያላችሁ። በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስና ነባቤ መለኮት የተባለው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአቴና አብረው የተማሩ ወዳጆች ነበሩ። አብረው በምናኔ ለመኖር ተስፋ ነበራቸው። ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ370 የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ብዙም ሳይቈይ ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ የቀጰዶቅያን አውራጃ ለሁለት ከፈለው፤ ባስልዮስም በቤተ ክርስቲያን በኩል አቅሙ እንዳይዳከም አዳዲስ መናብርት አቋቁሞ የሚያምናቸውን ሰዎች ሾመባቸው። እ.ኤ.አ. በ372 ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል፣ የመንገደኛ ማረፊያ በሆነች አቧራማ መንደር ላይ ኤጲስ ቆጶስ አደረገው። ጎርጎርዮስ አልፈለገም ነበር። ባስልዮስ ወዳጁ ስለሆነ ሸክሙን አብሮት የሚሸከም መስሎታል፤ ጎርጎርዮስ ደግሞ ወዳጁ ስለሆነ ጸጥታ መውደዱን የሚያውቅለት መስሎታል። ሁለቱም ወዳጅነቱን ተማምነው እንደ ሁለቱ ሙሽሮች አልተጠያየቁም።

ጎርጎርዮስ ተቈጣ። የምሬት ደብዳቤ ጻፈ። በሳሲማም አልተቀመጠም። ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ379 ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ጎርጎርዮስ ስለ ወዳጁ ያደረገው የመታሰቢያ ንግግር በክርስቲያን ዓለም ከታወቁት ንግግሮች አንዱ ነው፤ የአቴናውን ወዳጅነታቸውን የተናገረበትን ክፍል ያነበበ አይረሳውም። የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ነው። በዚያው ውዳሴ መካከል ጎርጎርዮስ የሳሲማን ነገር ያነሣል፤ ሕመሙ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንዳልለቀቀው ይናገራል። ሟቹን በሚያመሰግንበት ቀን! እኛ ቢሆን «ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም» ብለን እጁን እንይዘው ነበር። እርሱ ግን ሁለቱን በአንድ አፍ ተናገረ፤ እወደው ነበር፣ በዚህም ጎድቶኛል። ጉዳቱ ፍቅሩን ሐሰት አላደረገበትም። ፍቅሩም ጉዳቱን አላስካደውም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ቅዱሳን ብላ ተቀብላቸዋለች።

በሽምግልናችን ይህ ቢለመድ እወድ ነበር። እኛ የምናውቀው «በቃ ይቅር ተባባሉ፣ እርሱን አታንሡ፣ ተሳሳሙ» ማለትን ነው። ይሳሳማሉ። ያልተነገረው ነገር አብሮአቸው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ መናገር አለብኝ፤ ቃሌ ተጣምሞ ለክፉ እንዳይውል። እስካሁን የተናገርሁት ሳይነጋገሩ ስለ ተጎዳዱ ሰዎች ነው። ሚስቱን የሚመታን ሰው ነገር በዚህ ሚዛን አንመዝነውም። አንዲት ሴት ፊትዋ አብጦ ስትመጣ «ልጄ፣ ከባልሽ ብዙ ጠብቀሽ ይሆናል፤ ታገሺ» የሚል ካህን ካለ፣ እርሱ የሚያስተምረው ትዕግሥት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። የእኛ የመጀመሪያ ሥራ ልጅቱ በዚያች ሌሊት የምታድርበትን ቤት ማግኘት፣ ወደ ሕክምና ማድረስና ወደ ሕግ የምትሄድበትን መንገድ ማሳየት ነው። ዕርቅ ቢኖር ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም እርስዋ ከፈቀደች። በዕርቅ ስም ወደ ዱላ የመለስናቸው እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ቀደመው ነገራችን ልመለስ። እኔ በአጥቢያዬ የጀመርሁትን እነግራችኋለሁ፤ መመሪያ አይደለም፤ በቃለ ዐዋዲው መሠረት የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤያችሁ ተመካክሮ የሚሻለውን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ሙሽሮቹ የምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ቀጠሮ እሰጣቸዋለሁ። በቀጠሮው ቀን እኔ ብቻዬን አልቀመጥም፤ በትዳር የቈዩ አንድ ባልና ሚስት ከሰበካው አብረውኝ ይቀመጣሉ። ካህን ፊት የማይወጣ ነገር የቤት እመቤት ፊት ይወጣልና። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ እናነጋግራቸዋለን። ስለ ገንዘብ እንጠይቃለን፤ የማን ወላጅ በየወሩ ስንት እንደሚላክለት፣ ዕዳ እንዳለ፣ የሰርጉ ወጪ ከየት እንደመጣ። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ሙሽራ ለሰርጉ መቶ ሺህ ብር መበደሩን እጮኛው የሰማችው እኛ ፊት ነው። ማንኛቸው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ እንደሚያስቡ እንጠይቃለን። ልጅ ቢዘገይ ምን እንደሚሉ እንጠይቃለን። ይህኛው ጥያቄ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። ከሁሉ በኋላ «ሲከፋሽ ለማን ትናገሪያለሽ? አንተስ?» እንላለን። «ለማንም» የሚል ሲበዛ ዐይተን፣ አሁን ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ሰው እንዲሰይሙ እናደርጋለን። ያን ሰው ሚዜ ብለን እንጠራዋለን። ስሙ ነበረን፤ ሥራውን ነው የመለስንለት።

ስለ ቋንቋው ልጨምር። በአካባቢያችን ብዙ ልጆች በትምህርት ቤትና በቢሮ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይናገራሉ፤ ሲያዝኑ ግን በእናታቸው ቋንቋ ነው የሚያዝኑት። አንዲት ሙሽራ በአማርኛ ስጠይቃት «ምንም ችግር የለም አባ» ብላኝ፣ አብራን የተቀመጠችው እናት በአፋን ኦሮሞ ስትጠይቃት ግማሽ ሰዓት ተናገረች። ቋንቋውን የማትችሉ ወንድሞቼ የሚችል ሰው አብሮአችሁ ይቀመጥ። በአስተርጓሚ ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያች እናት ያለ ሰው ማለቴ ነው።

ሁለተኛውን ቀጠሮ የምንሰጠው ከመልሱ በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ወር። ይህን ብዙዎቹ ይረሱታል፤ እኛ ግን በመዝገቡ ጻፍነውና ቤታቸው እንሄዳለን። ቡና ይፈላል፤ ቆሎ ይቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይባልም። ነገር ግን ቤታቸውን የምናውቀው በመሆናችን፣ በሰባተኛው ወር አንዱ ሲከፋው የሚንኳኳው የእኛ በር ሆኖአል። ይህ ሁሉ ከኮሚሽኑ በጀት አልጠየቀም። የጠየቀው ጊዜ ነው፤ የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ሲበዛ ጊዜው አይበቃምና አንዳንዱን ሳናነጋግር አጋብተናል። ይህንንም መደበቅ አይገባኝም።

ለካህናት ወንድሞቼ በጆሮአችሁ የምለው አለኝ። ምእመናን ከእኛም ይጠብቃሉ። ሌሊት በኪዳን፣ ቀን በቀብር፣ ማታ በሽምግልና ቆመን ስንመለስ፣ በየቤታችን የምትጠብቀን ቀሲስ ሚስት፣ የሚጠብቁን ልጆች አሉ። የሰውን ቤት እየጠገንን የእኛን ቤት «ያውቁልኛል» ብለን የተውን ስንት ነን? ያን መምህር «ለምን አልተናገርህም?» ብዬ ከገሠጽሁት በኋላ በዚያው ሌሊት ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን «ከእኔ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። 21 ዓመት አብረን ኖረናል። ሣቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ ተናገረች። የተናገረችው የእርስዋ ነውና እዚህ አልነግራችሁም።

የመምህሩና የዚያች እኅት ነገር እንዴት ሆነ የምትሉ አላችሁ። አልታረቁም፤ አልተፋቱምም። በሽምግልናው ሱቁም ዕረፍቱም ተነሣ፤ ሁለቱም የሌላውን ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ወዲያው ወደ ቤትዋ እንድትመለስ የገፋፉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እኔ ጊዜ ይሰጣት አልሁ። ወላጆችዋ ቤት ዐርፋ ተኛች፤ እናትዋ እንዳሉኝ አንድ ወር ሙሉ ማንም አልቀሰቀሳትም። አሁን ጉደር ላይ ከአንዲት ዘመድዋ ጋር የእንጀራ ሥራ ጀምራለች። እርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ሄዶ ይጠይቃታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደጃፍ ቆመው ተነጋግረው ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ይገባል። ባለፈው የኪዳነ ምሕረት ዕለት ሁለቱንም በቅዳሴ አየኋቸው፤ እርሱ በወንዶች በኩል፣ እርስዋ በሴቶች በኩል። ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብሎ «አባ፣ ያንን ጥያቄዎን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይጠይቁን» አለኝ። ከፍልሰታ ጾም በኋላ ቀጠሮ ይዘናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።